ስኮርቱ ንፋስ አለው?

አቦሉ እስኪወርድ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የመኪናችሁ ስኮርት ጎማ ንፋስ አለው? «አለው» ለማለት አትቸኩሉ፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስሄድ ነው፤ ማንኩሳን እንዳለፍኩ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ አመሻሽ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ዳር ይዤ ቆምኩ። የያዝኩት ሦስት ማዕዘን ምልክት ስለሌለ እንደ አገሬ ሾፌር ከኋላ ሦስት ድንጋይ ደረደርኩና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጣል አደረግሁበት። ክሪኩን ስተክል ያ ቀይ የጎጃም አፈር እንደ ገንፎ ዋጠው። መኪናው መነሳቱ ቀርቶ ክሪኩ ይሰምጣል! በጎቹን ወደ ቤት የሚነዳ ልጅ ቆም ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ጣውላ ላምጣ?» አለኝ። የአሮጌ በር ቁራጭ ይዞ መጣ። ክሪኩ እሱ ላይ ቆመ፤ ጎማው ተፈታ፤ ስኮርቱ ታሰረ፤ መኪናውን ባወርደው ስኮርቱ እንደ ባዶ ስልቻ ተኛ።

ያዳነኝ ሲኖትራክ ነው። ከባድ መኪና ፍሬኑ በንፋስ ስለሚሠራ የንፋስ ጋን አለው፤ ሾፌሩ ከዚያ ላይ ቱቦ ስቦ ሞላልኝ፣ ሻይ እንኳ ሳልጋብዘው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ከመኪናዬ ኋላ አንዲት ጠፍጣፋ ጣውላ አትጠፋም። ሁለት የእንጨት ታኮም አለኝ። ባትሪም እንደዚያው፤ የእጁን ማለቴ ነው፤ በእኛ ቋንቋ መኪና የሚያስነሳውም መንገድ የሚያሳየውም ባትሪ ስለሆነ አንዱን የያዘ ሁለቱን የያዘ ይመስለዋል።

ስኮርት፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ የነበረውን ምሽግ በ1933 ጥሎ ሲወጣ ቃሎቹን አልወሰደም። ስንቁ ግን የራሳችን ነው። በሶና ቆሎ ሳይበላሽ ይከርማል፣ እሳት አይፈልግም። በጎጃም ግጭት ከበረታበት ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የጥቂት ቀን መድኃኒቱን፣ ሌላውም ውሃና ጋቢ ይዞ ቢወጣ አይቆጨውም።

ውሃ ካልን፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ጀሪካኑ ለመጠጥ ብቻ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ ራዲያተሩ ሊፈላ ይችላል። ያን ጊዜ ቆሞ ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ነው፤ ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ይቃጠላል። ቁልቁለቱንም በማርሽ ይዛችሁ ውረዱ እንጂ ፍሬን ላይ ቆማችሁ አይደለም።

ለቦሎ ምርመራ ስንሄድ ሦስት ማዕዘኑንም፣ እሳት ማጥፊያውንም፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑንም ከጎረቤት ተውሰን እንደምናቀርብ እናንተም እኔም እናውቃለን። ሳጥኑ ቢከፈት ውስጡ ደረሰኝና የማስቲካ ወረቀት ነው። ፋሻና ጓንት ክተቱበት፤ ክዳኑ ላይም 907ን ጻፉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ግን እባካችሁ የራሳችሁን ግዙ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሱዙ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል፤ ስለዚህ ምልክቱ ከመኪናው ቢያንስ 100 እርምጃ ይራቅ፣ ኩርባ ካለም ከኩርባው ወዲያ ይቁም።

ስለዚያ ቀን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ጎማዬ ከተነፋ በኋላ ልጁን አመስግኜ፣ ሞተር አስነስቼ ሄድኩ። ጥቂት እንደ ራቅሁ በመስታወት ባይ፣ ልጁ ጎንበስ ብሎ የእኔን ድንጋዮች አንድ በአንድ እያንከባለለ ከአስፋልቱ ያወጣል። እኔ ረስቻቸው ነበር። ጨለማው ደግሞ እየመጣ ነበር።

ቶናው ደርሷል። ከመጠጣታችሁ በፊት ግን ውጡና ያን ስኮርት ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩት።