ያልተዘጋ ሂሳብ

የባንክ ሠራተኛ ቀን የሚያልቀው በሰዓት ሳይሆን በሂሳብ ነው። በመስኮቴ የገባውና የወጣው ገንዘብ በመሳቢያዬ ካለው ጋር እስኪገጥም ድረስ፣ ውጭው ቢጨልምም ቀኑ አልመሸም። ሲገጥም ወረቀቱ ይፈረማል፤ ገንዘቡ ወደ ካዝና ይገባል፤ የዕለቱ ጣጣ እዚያው ይቀራል። ይህ ሥርዓት ያስቀናኝ ነበር፤ የራሴ አእምሮ እንዲህ ያለ መዝጊያ አልነበረውምና። ጋደም ስል የቤት ኪራይ፣ የእድር መዋጮ፣ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አንብቤ እመልሳለሁ ያልሁት የሰው መጽሐፍ፣ በምሳ ሰዓት ብልጭ ብሎ የጠፋ ስንኝ፣ ሁሉም ተሰልፈው ተራ ይጠይቁኛል።

ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ በእንጥልጥል የቀረውን አብልጦ ያስታውሳል የሚል ነበር። ግኝቱ ከዚያ ወዲህ ብዙ አከራክሯል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ግን ለማመን አይቸገርም። አሜሪካዊው ዴቪድ አለን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መጽሐፉ አእምሮን ከማስታወስ ሥራ አሳርፉት ይላል፦ ያንጠለጠላችሁትን ሁሉ ጻፉ፤ ለእያንዳንዱም ቀጥሎ በእጅ የሚሠራውን አንድ ነገር ለዩ፤ በ2 ደቂቃ የሚያልቀውን ወዲያው ሠርታችሁ ተገላገሉት፤ በየሳምንቱ መዝገባችሁን ከልሱ። እነሆ፣ ደብተር ከያዝሁ 3ኛ ዓመቴ ነው።

ያስገረመኝ የግጥሙ ነገር ነው። «ግጥም መጨረስ» ብዬ የጻፍሁት መስመር ከገጽ ወደ ገጽ እየተሻገረ ወራት ኖረ። እድሩ ተከፍሎ ይሰረዛል፤ መድኃኒቱ ተገዝቶ ይሰረዛል፤ ግጥሙ እንደማይከፈል ብድር ይንከባለላል። ለካ «ግጥም መጨረስ» በእጅ የሚሠራ ነገር አይደለም! በምትኩ «ሦስተኛውን ስንኝ ጮክ ብሎ ማንበብ» ብዬ ጻፍሁ። በዚያው ምሽት አነበብሁት፤ ቤት ቢመታም እግሩ የሚያነክስ ሆኖ አገኘሁት፤ አንዲት ቃል ነቀልሁ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ደብተሩ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አልሻም። እስከ ወንበሩ ያደርሰኛል እንጂ አብሮኝ አይቀመጥም።

(ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የማዕድ ቤት ደወል የጀመረውን፣ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ የማረፍ ዘዴም ሞክሬዋለሁ። ለወር መጨረሻ ሪፖርት ግሩም ነው። ስንኝ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳለ የሚጮህን ደወል ግን በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝ።)

አንድ መስመር ከደብተሬ አውጥቻለሁ፤ «ለእናቴ መደወል» የሚለውን። ተጨዋውተን፣ መርቃኝ፣ ስልኩ ሲዘጋ እስክሪብቶ አንሥቶ በእሷ ላይ መስመር መሳብ አስጠላኝ። መድኃኒቷ ደብተሩ ላይ አለ፤ በወሩ መጀመሪያ ይገዛል። እሷን ግን በቃሌ ይዣታለሁ። ሌሊት ብትቀሰቅሰኝም ትቀስቅሰኝ።