ፈርተው አልነበረም

ሴፕቴምበር 29 ቀን 2008 ሰኞ ነበር፤ መስቀልን ካከበርን በሦስተኛው ቀን። በምሠራበት ሆቴል ሠራተኞች በምንበላበት ክፍል ባለው ቴሌቪዥን፣ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ባንኮችን ለመታደግ የቀረበውን የ700 ቢሊዮን ዶላር ሕግ ውድቅ ማድረጉ ተነገረ። የአክሲዮን ዋጋ መለኪያው ዳው ጆንስ በዚያው ቀን 777 ነጥብ ወረደ። ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ኪሳራ ካወጀ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። አልጋ የምናነጥፍ ሴቶችን ዎል ስትሪት ምን አገባቸው የሚል ይኖራል። ከየደመወዛችን እየተቆረጠ ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ የሚገባው ገንዘብ ያለው ግን እዚያው አክሲዮን ገበያ ውስጥ ነው።

ስለዚያ ጊዜ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ተራው ሰው ደንግጦ በርካሽ ሸጠ፣ ቢታገሥ ኖሮ ይመለስለት ነበር ይላሉ። ቁጥሩስ ልክ ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 የተባለው የአክሲዮን መለኪያ በኦክቶበር 2007 ከደረሰበት ከፍታ እስከ ማርች 9 ቀን 2009 ድረስ 57 በመቶ ያህል ወርዶ፣ በማርች 2013 ወደ ነበረበት ተመልሷል። እኔ አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ግን የሸጡት ፈርተው አልነበረም። የወር ክፍያ ደርሶባቸው ነው።

ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ሴት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 51፣ ከእኔ ጋር በአንድ ፎቅ የሚሠሩ። በ2005 ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤት ሲገዙ የተሰጣቸው ብድር ወለዱ የሚለዋወጥ ነበርና፣ ጥቂት ቆይቶ የወር ክፍያው አሻቀበ። ያኔ መጀመሪያ ያደረጉት ከእቁባችን መውጣት ነበር። «ልጄ፣ ሁለቱንም አልችለውም» አሉኝ። በ2008 መጨረሻ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ሰው ቀነሰ። እሳቸውም ተቀነሱ።

የቀራቸው የጡረታው ገንዘብ ብቻ ነበር። ወረቀቱን ኩሽናቸው ተቀምጠን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። 38 ሺህ ዶላር የነበረው 22 ሺህ ሆኗል። ሲወጣ 20 በመቶው ለፌዴራል ግብር እዚያው ይያዛል፤ እጃቸው የሚገባው 17,600 ነው። 59 ዓመት ተኩል ስላልሞላቸው ደግሞ ግብር ሲያሳውቁ የ10 በመቶ ቅጣት ይጠብቃቸዋል፤ 2,200 ዶላር። ጣቴን በየቁጥሩ ላይ እያስኬድኩ በአማርኛ ስነግራቸው አንዴም አላቋረጡኝም። ስጨርስ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» አሉ። ከነአባታቸው ስም ሙሉውን፣ ቀስ ብለው ጻፉት። ያ ገንዘብ ቤቱን ለጥቂት ወራት አቆየው። ከዚያ አበዳሪው ወሰደው።

እኛም ቤት ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፤ የዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ከዞን ወደ ሜትር የተቀየረው በዚያው ዓመት ነውና ገቢው ገና አልረጋም ነበር። የእኔ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ሆነ። ሆቴሉም በጡረታችን ላይ የሚጨምርልንን ድርሻ አቆመ። ማርች ላይ፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ፣ ሂሳቤን ባየው ከግማሽ በላይ ጎድሏል። ሌሊት እየተነሣሁ ሳሎን እቀመጥ ነበር፤ ባለቤቴ ነቅቶ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ምን ይበለኝ? ግማሹን ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ የቀረው እጥፍ መሆን አለበት። ይህን በወረቀት ሠርቼ ያየሁት ከእነዚያ ሌሊቶች በአንዱ ነው።

ያተረፈን የእቁብ ገንዘብ ነው። ዕጣው ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር ላይ ወጥቶልኝ ነበር። አገር ቤት ልንሄድበት ነበር፤ ጉዞውን ትተን ባንክ አስቀመጥነው። የቤቱን ዕዳ ከዚያ እየከፈልን የጡረታውን ሳንነካ ከረምን፤ ከደመወዜ የምትቆረጠው ትንሽ መዋጮም አልተቋረጠች። ኋላ ገበያው ሲነሣ ቶሎ ያነሣን በእነዚያ ወራት በወደቀ ዋጋ የተገዛው ድርሻ ነው። ትዕግሥቴ ከእትዬ አይበልጥም፤ እውቀቴም እንደዚያው። ለነገሩ መቆጠብን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የእኔ ብድር ወለዱ የማይነቃነቅ ነበር፣ የእሳቸው የሚለዋወጥ። በዚህ ምክንያት እኔ እቁቡ ውስጥ ቀረሁ፣ እሳቸው ወጡ። እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች በድንጋጤያቸው ከሰሩ ተብለው እንዲታወሱ አልፈልግም፤ የምመሰክረውም ለዚህ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባም የራሷ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አላት፤ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 ነው። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «አክስቴ፣ ልግዛ እንዴ?» አለኝ። ዝቅተኛው መጠን 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። ስለ ኩባንያው እሱ ከእኔ በተሻለ ያውቃል፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ ቤት ኪራዩ ነው። ነገ ሥራ ቢቆም የስንት ወር ኪራይ አለህ? «የአንድም የለኝም» አለ። ስልኩን ሳንዘጋ ወጪውን ደመርን፦ ኪራይ፣ ትራንስፖርት፣ ለእናቱ የሚሰጣት። የሚተርፈው ትንሽ ነው። አክሲዮኑን ለጊዜው አቆይቶ መሥሪያ ቤታቸው ያለውን እቁብ ገባ፤ ዕጣው ሲደርሰው የስድስት ወር ኪራዩን ለይቶ ያስቀምጣል፣ ከዚያ የተረፈውን አክሲዮን ይገዛበታል።