ከናርጋ ሥላሴ መልስ

ይህን የምጽፈው ጣናን በትንሽ ጀልባ ለምትሻገሩ ነው። እኔ የዳንግላ ሰው ነኝ። እኛ አዊዎች ዘንገናን የመሰለ ሐይቅ ቢኖረንም ከዳር ቆመን እናየዋለን እንጂ የጀልባ ልማድ የለንም።

የሐምሌ ሥላሴን ደቅ ደሴት፣ ናርጋ አክብረን በማግስቱ ሐምሌ 8 ከሰዓት በኋላ ወደ ቁንዝላ ተሳፈርን። ጀልባዋ የጣውላ ናት፤ ከኋላ አንድ ሞተር አላት። ከፊት የእህል ጆንያ ተደርድሯል፤ ከሥሩ ጭድ ተጎዝጉዟል። መንገድ ስናጋምስ ነፋስ ተነሣ። ጣና ስፋቱ ባሕር ቢያሰኘውም፣ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ በነፋስ ሲመታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። በአፍንጫዋ በኩል ውሃ ይገባ ጀመር። ዝናብ ተጨመረበት።

ረዳቱ በተቆረጠ ጀሪካን ከኋላ ይቀዳል። ጥቂት ቆይቶ የሚቀዳው አጣ፤ ጀሪካኑ ጣውላውን ብቻ ይፍቃል። ከፊት ግን ውሃው ቁርጭምጭሚት አልፏል። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ስታዘነብል ውሃውም ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ እሷም ይብስባታል። ፈራሁ።

አጠገቤ ዕድሜያቸውን በደንገል ታንኳ የገፉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ታንኳ የገባበትን ውሃ በደንገሉ መሐል መልሶ ያፈሳል፤ የጣውላ ጀልባ ግን በሆዱ ይይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው! ወለሉን አንሡ!» አሉ።

ጆንያውን ገፍተን ጣውላውን ነቀልን። ከወለሉ ሥር ጀልባዋን አግድም የሚይዙ እንጨቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ከታች ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለችው። የፊቱ ውሃ ወደ ኋላ የሚያልፈው በዚያች ነው። ሽማግሌው በደረታቸው ተኝተው እጃቸውን እስከ ብብታቸው ሰደዱ። ሲያወጡት በጭቃ የተለወሰ ጭድና የፌስታል ቁራጭ ጨብጠዋል። ወዲያው ከሥር ውሃው ሲንደቀደቅ ተሰማ። ኋላ ደረሰ፤ ረዳቱም ያለማቋረጥ ቀዳ። ነጂው ሞተሩን ቀንሶ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያዘ። ቀስ በቀስ ቀና አለች።

በኋላ አስልቼዋለሁ፦ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ቦታ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢተኛ 300 ኪሎ ነው። አራት አምስት ሰው ፊት ላይ ተጨምሮ ነበር ማለት ነው።

ሲመሽ ቁንዝላ ገባን። አንድም ሰው አልጎደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሽማግሌው እርጥብ ጋቢያቸውን ጨምቀው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

የጀልባዋ ባለቤት ከዚያ ወዲህ ቀዳዳዎቹን አስፍቷል። በውስጣቸው ቀጭን ሰንሰለት አሳልፏል፤ ከኋላ ሳብ ለቀቅ ሲያደርጉት ቆሻሻው ይጠረጋል። የእጅ ፓምፕም ገዝቷል። ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ሰው የሚቀመጥበት ወለላቸው ከባሕሩ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ፣ የገባው ውሃ በቱቦ ራሱ ይወጣል። የእኛዎቹ ወለል ከሐይቁ በታች ነው፤ ያለ ሰው እጅ አይወጣም።

ከመሳፈራችሁ በፊት ነጂው ወለሉን ገልጦ ቀዳዳዎቹን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጭነት ከጭድ ላይ አታስጭኑ። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ደግሞ ቆዩ፤ ሌላ ጀልባ ይመጣል።