ከመተማ የሰሊጥ ማሳ እስከ ምክር ቤቱ መዝገብ

«ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ነገር ሥር ነው፤ ይኸውም አንድ ሕግ ከመጽደቁ በፊት የሕዝብ እንደራሴዎች በኮሚቴ ተቀምጠው የሚናገሩት ቃል እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ርእሱ ደረቅ ቢመስላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ነገሩ እስከ እንጀራና እስከ አገር ወሰን የሚደርስ መሆኑን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ለሥራ ጉዳይ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጥቂት ዓመታት ተቀምጫለሁ። መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበትን የጦር ሜዳ ነው። አገሩን የሚያውቅ ሰው ግን ከሱዳኗ ገላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያየውን የንግድ ከተማ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ሽንፋ፣ ከቋራ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ የተነጠፈውን የሰሊጥና የጥጥ ማሳ ያስባል። ሰሊጥ ከደረሰ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ፍሬው አፉን ከፍቶ ከመርገፉ በፊት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ መቆም አለበት።

አንድ ቀን ገንዳ ውሃ ላይ ከሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ ዕድሜያቸውን በሰሊጥ እርሻ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ስለ ምርት ገበያ ሲያወሩ ቆዩና ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ። ሰሊጡ በዚህ መንገድ ይሸጥ፣ በዚያ መንገድ አይሸጥ ብለው ሕጉን ሲያወጡ፣ የእኛ ስም በዚያ ተነሥቷል?»

«አባባ፣ አንቱ ሕጉን አይተውታል ወይ?» አልኋቸው።

«ሕጉንስ አንብበውልኛል። ሕጉ ግን ሰዎቹ የወሰኑትን እንጂ የተባባሉትን አይነግርም» አሉኝ።

ይህ ንግግር ከብዙ የሕግ መጽሐፍ ይበልጥ አስተማረኝ። ጥያቄያቸውንም ይዤ ነጋሪት ጋዜጣ ማገላበጥ ጀመርሁ። ሰሊጥ በምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ የደነገገው በ2002 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 178 ነው። ነገር ግን ደንብ የሚወጣው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ስለ ሆነ በእንደራሴዎች ኮሚቴ አያልፍም። ስለዚህ ሥሩን የሚፈልግ ሰው ሌላ ደረጃ መውረድ አለበት፤ እርሱም የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 550/1999 ነው። አዋጅ በተወካዮች ምክር ቤት ስለሚወጣ የተነገረበት ቦታ፣ የተነገረበት ቀንና የተናገረ ሰው አለው።

የአዋጅ ጉዞ እንዲህ ነው። ረቂቁ ሐተታ ዘምክንያቱን ይዞ ለምክር ቤቱ ይቀርባል፤ በመጀመሪያው ንባብ እንደራሴዎቹ ጥቂት ጥያቄ ያነሡና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው ያመነጨውን መሥሪያ ቤት ጠርቶ ይጠይቃል፤ ባለ ጉዳዮችን ሰብስቦ ያወያያል፤ አንዱን አንቀጽ ይቈርጣል፣ ሌላውን ይቀጥላል። በመጨረሻም ሪፖርትና የውሳኔ ሐሳብ ያቀርብና ድምፅ ይሰጥበታል። ነጋሪት ጋዜጣ የሚያሳየን የበሰለውን እንጀራ ነው፤ ሊጡ የተቦካው ግን በኮሚቴው ክፍል ነው። ማን ውሃ እንደ ጨመረና ማን እርሾ እንደ ነፈገ የሚታወቀው ከቃለ ጉባኤው ብቻ ነው።

ታዲያ ተራው ዜጋ ይህን ቃለ ጉባኤ ሊጠይቅ ይችላልን? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ ይከናወን ይላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ደንግጓል። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት ይኖርበታል፤ የተከለከለም ሰው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ሊል ይችላል። ያው ሕግ ራሱ የካቢኔ ሰነዶችንና ሌሎችንም ጉዳዮች ለይቶ ስለሚጠብቅ፣ ጠያቂው የሚፈልገው ነገር ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

መብቱ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ፍለጋውን ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። በመዝገብ ቤት ሲሠሩ ያረጁ አንድ ሰው «ቀንና ቁጥር ያልያዘ ሰው ከመዝገብ ቤት የሚወጣው አቧራ ይዞ ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ፈላጊው አስቀድሞ የአዋጁን ቁጥር፣ ረቂቁ የተመራበትን ቀን፣ የጸደቀበትን ቀንና የተመራለትን ኮሚቴ ይያዝ። ዓመቱም እንዳያሳስተው ይጠንቀቅ፤ ያው የምርት ገበያ አዋጅ በአማርኛው ዐምድ 1999 ሲባል በእንግሊዝኛው 2007 ነው።

የቦታ ስምም እንዲሁ ይለዋወጣል። ዛሬ መተማ የምዕራብ ጎንደር ዞን ናት፤ ከዚያ በፊት የሰሜን ጎንደር ዞን ነበረች፤ በንጉሡ ዘመን ደግሞ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት የጭልጋ አውራጃ ክፍል ነበረች። እንግዲህ በድሮው ፓርላማ ስለዚህ ቆላ የተነገረውን የሚፈልግ ተማሪ «ምዕራብ ጎንደር» እያለ ቢያገላብጥ ውሎ ቢያድር አያገኝም፤ «ጭልጋ» ብሎ መፈለግ ይኖርበታል።

በኮምፒውተር ሲፈለግ ደግሞ የራሳችን ፊደል ያስቸግራል። አንዱ ጸሐፊ «ሕግ» ሲል ሌላው «ህግ» ይላል፤ አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ይጽፋል። ለዐይናችን አንድ የሆነው ቃል ለማሽኑ ሁለት ነው። ስለዚህ ብልህ ፈላጊ አንዱን ቃል በየፊደሉ እየለዋወጠ ይሞክራል፤ መዝገብ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ማሽኑ እነዚህን ፊደላት እንደ አንድ እንዲያይ ቢያደርገው ለትውልድ ውለታ ይውላል።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ሰሊጥ ዋጋ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ የመተማን ወሰን ነገር ያስብ። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የወሰን ውል ተዋዋሉ፤ በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዙ ሻለቃ ግዊን ምልክት ተከለ። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሱዳን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በደብዳቤ ልውውጥ ስለዚሁ መሥመር ተስማሙ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን፣ በ30ኛው አንቀጽ፣ የአገሪቱን ወሰን የሚለውጥ ውል ለፓርላማ ቀርቦ በሁለቱም ምክር ቤቶች እንዲጸድቅ ያዝዝ ነበር። «ደብዳቤው በዚህ በር አልፏል? ማለፍስ ነበረበት?» የሚለው የሕግ ክርክር የተነሣው ከዚህ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ያርሱት ወደ ነበረው የአል ፋሽቃ መሬት በገባ ጊዜ ክርክሩ እንደ ገና ተቀሰቀሰ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ጩኸትም ሆነ ቁጣ አይፈታውም፤ የሚፈታው በሕግ መወሰኛውና በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የተነገረው ተመርምሮ ሲገኝ ነው።

በሌላው ዓለም ለዚህ ጉዳይ ብዙ ተደክሞበታል። በእንግሊዝ አገር የፓርላማው ንግግር «ሃንሳርድ» በሚባል መዝገብ ይታተማል፤ ስሙን ያገኘው ከአሳታሚዎቹ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የምክር ቤቱ የራሱ ጸሐፊዎች ይይዙታል፤ ረቂቅ ሕግ በኮሚቴ ሲመረመር የሚነገረውም አብሮ ይታተማል። ጎረቤታችን ኬንያም የምክር ቤቷን ንግግር በዚያው ስም ታሳትማለች። የእኛ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጉን በታማኝነት አድርሶናል፤ የኮሚቴው ቃል ግን እንደ ጋዜጣው ታትሞ በየሱቁ አይሸጥም። ስለዚህ ፈላጊው በእግሩና በብዕሩ መድከም አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ምክር ቤቱ ሥራውን የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ይህ ሰሞን የመተማ ገበሬ ማጭድ ይዞ ከማሳው የማይነቃነቅበት ነው፤ ለውይይት ቢጠራ እንኳ ሰሊጡን ሜዳ ላይ ጥሎ አይመጣም። እንግዲህ ቃለ ጉባኤው ተገልጦ የመተማ ስም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ቢታጣ፣ ፈላጊው «ባዶ እጄን ተመለስሁ» አይበል። ዝምታውም ግኝት ነው። ያልተነገረው ነገር በማስረጃ ሲታወቅ ነው እንደራሴው «ለምን አልተናገርህልንም?» ተብሎ በወግ የሚጠየቀው።

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የተጻፈው የሚወረሰው ግን ወራሽ ሲኖረው ነው። እናንት ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ስትመርጡ አንድ አዋጅ ይዛችሁ እስከ ኮሚቴው ድረስ ውረዱ። እናንት በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ የምትይዙ ወጣት ሠራተኞችም፣ የተናጋሪውን ስምና ቀኑን አሟልታችሁ ጻፉ፤ «አንድ አባል እንዳሉት» ብላችሁ አትለፉት። ያቺ የተዘለለች ስም ከብዙ ዓመት በኋላ የአንድ ወረዳ ሕዝብ የሚፈልጋት ልትሆን ትችላለች።