የሌቦቹ ፊልም እና ኪራን ያሳደገቻት ሴት



ደርስ ካለቀ በኋላ ከኋላ ተሰብስበው ስለ ፊልም የሚያወሩ የጀሞ ልጆች እኛ ስንጠጋ ዝም ይላሉ። የመስጂድ ሰው ፊልም የሚያውቅ አይመስላቸውም። እናውቃለን። ዛሬ የምንጽፈውም በፈረንጆች 2023 ስለወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፦ ኦነር አመንግ ቲቭስ» ነው። ርዕሱ በኛ ቋንቋ «በሌቦች መሀል ያለ ክብር» እንደማለት ነው። ወደነዋል። ለምን እንደወደድነውና የቱ ጋ እንዳልተዋጠልን እንነግራችኋለን። መጨረሻውንም ስለምናወራ ያላየ ሰው ካለ አይቶት ይመለስ።

ፊልሙ የተወሰደው ጌሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1974 ካወጡት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ገበጣ ወይም ዳማ እንዳይመስላችሁ፤ የሚበላ ጠጠር የለውም። አንዱ ተራኪ ይሆንና «ጫካ ውስጥ ናችሁ፣ ከፊታችሁ ወንዝ አለ» ይላል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው የታሪኩን አንድ ሰው ይዘው «እኔ ዋኝቼ እሻገራለሁ»፣ «እኔ ድልድይ እፈልጋለሁ» እያሉ ይቀጥላሉ። ሐሳባቸው ይሳካ አይሳካ ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ይለያል። እኛ ልጆች ሆነን «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ብለን ቁጭ ብለን እንሰማ ነበር። እነዚህ መስማቱ አልበቃቸውምና ተረቱ ውስጥ ገቡበት።

ዳይስ ሲባል ጆሯችሁ እንደቆመ እናውቃለን። በነርድ፣ ማለትም በዳይስ መጫወትን የሚከለክል ሐዲስ አለ፤ አብዛኞቹ ዑለማዎችም ሐራም ነው ብለዋል። ፊልሙን መውደዳችን ዳይሱን ሐላል አያደርገውም። ደግነቱ ፊልሙ ውስጥ ዳይስ የሚጥል የለም፤ የተወሰደው የተረቱ ዓለም ብቻ ነው።

«ሲሕሩስ?» ለምትሉ፦ ይህ ጥያቄ እዚያም ተነስቷል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ወላጆችና ቤተ ክርስቲያኖች ጨዋታውን የሰይጣን መግቢያ ነው ብለው ዘምተውበታል። በ1982ም ገና ወጣት የነበረው ቶም ሃንክስ የተወነበት፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ ልጅን እንዴት አእምሮ እንደሚያስት የሚያሳይ የቴሌቪዥን ፊልም ወጥቶ ነበር። እኛ በበኩላችን ከዱላ እሳት የሚያስተፋ ጠንቋይ ተረት መሆኑን የስምንት ዓመት ልጅም ያውቀዋል ባይ ነን። የሚያሳስበን ብር ተቀብሎ ክታብ የሚያስረው፣ ባልና ሚስት የሚያለያየው የሰፈሩ ደጋሚ ነው። እሱን ግን በሲኒማ ማስታወቂያ አታዩትም።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ኤድጊን (ክሪስ ፓይን) ለተበደለ የሚቆም ማኅበር ውስጥ መሐላ የገባ ሰው ነበር። ሥራው ክብር እንጂ ብር የለውም። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ኪራ ተቸግረው ሲያይ ከጠላት ከተያዘ ሀብት ላይ ትንሽ ቀነጨበ። ሀብቱ ምልክት ነበረበት። የቀይ ጠንቋዮቹ ሰዎች ምልክቱን ተከትለው ቤቱ ድረስ መጡ፤ እሱ ውጭ ነበር፤ ሚስቱን ገደሏት። ከዚያ በኋላ ኤድጊን መሐላውን ጥሎ ሌባ ሆነ። ሙት የሚያስነሳ አንድ ሰሌዳ እንዳለ ሲሰማ ደግሞ ሚስቱን ለመመለስ ሊሰርቀው ገባ፤ ተያዘ፤ ሁለት ዓመት ታሰረ።

ፊልሙ የሚጀምረው እስር ቤት ውስጥ፣ የይቅርታ ጥያቄው በሚታይበት ችሎት ነው። ኤድጊን ታሪኩን እየተረከ ጊዜ ይገዛል። አሞራ የሚመስለው ዳኛ ሲደርስ እሱን አቅፎ ከጓደኛው ጋር በመስኮት ይዘላል። ዳኞቹ ግን ይቅርታውን ፈቅደውላቸው ነበር! በዚህ ያልሳቀ የለም። ቪዛው ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው በሊቢያ በኩል የወጣ ልጅ ታሪክ የሰማ ሰው ግን ሳቁ ቶሎ ያልቅበታል። ሶብር በየደርሱ እናስተምራለን፤ ያንን መስኮት የሚያህል ምሳሌ ግን አላገኘንም።

ዜንክ የሚባል ሰውም አለ፤ ረጌ-ዣን ፔጅ ነው የተወነው። ቃሉን የማያጥፍ፣ ቀልድ የማይገባው፣ ሲሄድ እንኳ ዐለት ቢገጥመው ዞር የማይል፣ በላዩ ላይ ወጥቶ የሚያልፍ ፈረሰኛ። በእናንተ ቋንቋ «ፋራ» የሚባለው ዓይነት ነው። ብዙ ፊልም ላይ እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻ ላይ አስመሳይ ሆኖ ይገኛል ወይም ደግሞ መሳቂያ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ፊልሙ ይስቅበታል፤ ደግነቱን ግን አይነካውም። ሌቦቹ የሚፈልጉትን የራስ ቁር በአማና የያዘው እሱ ነው። የሚሰጣቸውም ከሚያገኙት ሀብት ለሕዝብ እንዲያካፍሉ ኤድጊንን ቃል አስገብቶ ነው። አራዳው ኤድጊን ሲያፌዝበት ይቆይና በመጨረሻ ያንን ሁሉ ወርቅ ሕዝብ ለማትረፍ ሲበትነው እናያለን። ኤድጊንን ማን እንደቀየረው ፊልሙ በአፉ አይናገርም። ደስ ያለንም ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሆልጋ። «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ላይ የምታውቋት ሚሼል ሮድሪጌዝ ናት። ከጎሳዋ የተባረረች መጥረቢያ ያዥ ተዋጊ ናት፤ እናቷ የሞተችባትን ኪራን ያሳደገቻት እሷ ነች። አበላቻት፣ አስተኛቻት፣ አብራት ተጫወተች። ኤድጊን ደግሞ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ነው። «እናትሽን እመልስልሻለሁ» ይላል፤ ልጅቷ እናቷን አታስታውሳትም።

ይህቺ ሆልጋ ጀሞ ውስጥ በየብሎኩ አለች። እናት ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ ልጁን ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ትኩሳቱን ይዛ የምታድር፣ የወላጅ ስብሰባ ላይ «ምኑ ነሽ?» የምትባል አክስት።

በጀናዛ ሥራችን ያወቅነው አንድ ወንድም አለ። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት አልፏል። ስልኳን እስከ ዛሬ ቻርጅ ያደርጋል። ለሷ ዱዓ ማድረጉና ሰደቃ መስጠቱ መልካም ነው፤ አላህ ይቀበለው። ግን አንድ ቀን «ልጆቹን ማን ነው የሚይዛቸው?» ስንለው «ቤት ያሉት» አለን። ቤት ያለችው አንዲት ሰው ናት፤ ታናሽ እህቱ። የራሷን ኒካሕ ሁለት ጊዜ ያራዘመች።

ይህን ፊልም በፍላሽ ገልብጠን ሰጠነው። ከሳምንት በኋላ ፍላሹን መለሰልንና «ያ ወፍራም ዘንዶ ያስቃል» አለን። ዘንዶው እውነትም ያስቃል፤ ከውፍረቱ የተነሳ እየተንከባለለ ነው የሚያሳድዳቸው። ስለ ሌላው ነገር ምንም አላለም። እኛም አልጨመርንበትም።

ፊልሙ በገበያ አልቀናውም። ወደ 150 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ያስገባው ወደ 208 ሚሊዮን ነው፤ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ሲወስዱ ትርፍ አይባልም። ከሳምንት በፊት «ጆን ዊክ» አራተኛው ወጥቶ ነበር፤ ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ «ሱፐር ማሪዮ» መጣ። መሀል ላይ ተረገጠ። በ2000 ከወጣው የዚሁ ጨዋታ ፊልም ጋር ግን አይወዳደርም፤ ያኛውን ጄረሚ አይረንስም አላዳነውም።

ያልተዋጠልን መጨረሻው ነው። ሆልጋ በቀይ ጠንቋይዋ ስለት ተወግታ ትሞታለች። ሰሌዳው አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስነሳው። ኤድጊን ዓመታት የሮጠለትን ሰሌዳ ለሚስቱ ማድረጉን ትቶ ለሆልጋ ያደርገዋል። ምርጫውን ወደድነው፤ የልጁ እናት ማን እንደሆነች በመጨረሻ አየ። ግን ሆልጋ ትነሳለች፤ ሁሉም ይስቃል፤ ሙዚቃ ይገባል። ሁለት ሰዓት ሙሉ «የሞተን ልቀቅ» ሲለን የነበረ ፊልም ዞሮ ሙት አስነስቶ ሸኘን። ቀብር ወርዶ አፈር ያለበሰ ሰው ይህን በቀላሉ አይውጠውም። እኛ ብንሆን ሰሌዳው እንዲሰበርና ኤድጊን ለሆልጋ በሕይወት እያለች «ያሳደግሻት አንቺ ነሽ» ብሎ እንዲነግራት እናደርግ ነበር።

ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው አንዱ፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ ሆልጋ ሞታ ብትቀር ኪራን ማን ያሳድጋታል?» አለ። ግማሹ «አባቷ» አለ፤ ግማሹ ሳቀበት። መግሪብ አዛን እስኪል ሲከራከሩ ቆዩ።