ሳንቶሪኒ፦ ከመርከብ ለመውረድም ይከፈላል

የግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ከባሕር ላይ ሲያዩዋት ታስደንቃለች። የጥንት እሳተ ገሞራ በተወው ገደል አናት ላይ ነጫጭ ቤቶች ተደርድረዋል። ትልልቆቹ መርከቦች ባሕሩ ላይ ይቆማሉ፤ መንገደኛውን ወደ አሮጌው ወደብ የምታደርሰው ጀልባ ናት። ከዚያ ወደ ፊራ ከተማ በእግር የሚወጣ ሰው ወደ 600 የሚጠጉ ደረጃዎች ይጠብቁታል።

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ግን ሌላም የሚጠብቀው ነገር አለ። ግሪክ በሞቃታማዎቹ የጉብኝት ወራት እዚያ ከሚወርድ የመርከብ መንገደኛ በነፍስ ወከፍ 20 ዩሮ ታስከፍላለች። ለባልና ሚስት 40 ዩሮ መሆኑ ነው። በብዙ መርከቦች ደግሞ የአስተናጋጆች የአገልግሎት ክፍያ በየቀኑ በሰው ልክ ይታሰባል፤ ሳያስብበት የሄደ ቤተሰብ የሚደነግጠው የመጨረሻው ቀን ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ውድ አንባቢያን! ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት «ቀረጡና የአገልግሎቱ ክፍያ ተጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤተሰብ ገንዘብ የሚጠበቀው ከመነሳት በፊት ነው።