ድምፁን ቀዳን፣ መልኩን አጣን

በ1929 እ.ኤ.አ. ሆሊውድ «ብሮድዌይ» የተባለ ፊልም አወጣ። ዳይሬክተሩ ሀንጋሪያዊው ፓል ፌዮሽ ነው። የምሽት ክበብ፣ ጨፋሪዎች፣ የተከለከለ አልኮል የሚነግድ ወንበዴ፣ ፍቅርና ግድያ። አሜሪካኖች ያን የአልኮል ክልከላ ዘመን እንዲህ ባሉ ፊልሞች አስቀሩት። እኛስ ምን አስቀረን?

ምን ጎድሎን ነው? አዳማ ነበረችን። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ይቆምባት ነበር። ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደመወዝተኛ ነበራት። ቅዳሜ ሲመጣ ሶደሬ ለመታጠብ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ሰው ነበራት። የአሰብ ሹፌር ኪሱን ሞልቶ ያድርባት ነበር። ከሞጆ እስከ መተሐራ ቡና ቤቱ ሙሉ ነው። አዋሽ ኬላ ላይ ፊናንስ ይፈትሻል፤ ኮንትሮባንዲስቱ ያመልጣል። ዘፋኟ መድረክ ላይ ነች፤ የሚወዳት ሹፌር ጥግ ይዟል። ፍቅሩም ወንጀሉም ደጃችን ላይ ነበር። ከማን ልንበደር ነበር?

ፊልም መሥራት አናውቅም እንዳንል፣ «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ተሠርቷል። «ጉማ» በ1966 የኦሮሞን የደም ካሳ ሥርዓት ለሸራ አብቅቷል። ገንዘብ የለንም እንዳንል፣ ሆቴል ለመገንባት አላነሰንም። ደራሲ የለንም እንዳንል፣ ደራሲው እዚያው ጠረጴዛ ላይ እየጠጣ ነበር። ጠጣ፣ ጨፈረ፣ ከፍሎ ወጣ። ለፊልም ግን አልጻፈም።

ለዚያ ሌሊት ድምፅ ግን አንድ ደፋር ተገኘለት። ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ክልከላውን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ ዓለም የሚያደምጠን በዚያ ድፍረት ነው። ለምስሉስ? አንድ አምሃ አጣን!

ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሌሊቱ ተዘጋ። እውነት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታትስ ማን ወሰደብን? ሳንሱር ነበር ትሉ ይሆናል። ሳንሱር የሚቆርጠው የተሠራን ፊልም ነው። እኛ ምን ሠርተን ተቆረጠብን? እውነቱን እንናገር፤ ንቀን ነው። የቡና ቤት ሴት ታሪክ አላት ብለን አላሰብንም። የሹፌር ፍቅር ለሸራ ይበቃል አላልንም። የራሳችንን ሌሊት አፍረንበት፣ ሲኒማ ቤት ተሰልፈን ለሰው አገር ወንበዴ ስናጨበጭብ አመሸን!

የዚያን ዘመን ሹፌሮች፣ አስተናጋጆች፣ ሳክስፎን ነፊዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያን ተሻግረዋል። በየሳምንቱ እየቀበርናቸው ነው። ካሜራው ደግሞ አሁን በየኪሳችን አለ። ሂዱና ጠይቋቸው፤ ቅረጿቸው፤ አልበማቸውን አስከፍቷቸው። ዘንድሮም ካለፈን ጥፋቱ የደርግም የሳንሱርም አይደለም፤ የእኛው ነው።